የታጠፈች ጣት

እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤ ጥላ ከሌለበት፣
ካርቶን አንጥፈን ከምንቀመጥበት፣
ሌዳሞ ባጃጁን አጥሩ ስር አቁሞ
መጥቷል የሳምንቱን ስድብ ተሸክሞ።
"እዩት" ይላል "ዛሬም፤ የትናንት ሽሮ ነው፣
በሚሊዮን ገዝተን የምናሞቀው።"

ጩፋሞ ይባላል።
ሠላሳ አራት ይላል የፈረመበት ወረቀቱ፣
ጉልበቱን ብትጠይቁት ሌላ ነው ልደቱ።
ድሮ፣ ቅጣት ምት አግኝቶ፣ ኳሷን ሣሩ ላይ ሲያስቀምጣት፣
አጥር የሠሩት ሁሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣
ይጠብቁ ነበር እንደ መርፌ፣ እንደ ቅጣት።
ኳሷ መረቡ ውስጥ ገብታ ተጠቅልላ፣
ድምጿ ነበር የሚደርሰው ኋላ።

ዛሬስ?
ሃያኛው ደቂቃ፣ ከሳጥኑ ደጃፍ፣ የሱ በሚባለው ቦታ፣
ፊሽካ ተነፋና ስታዲየሙ ረጭ አለ ላንድ አፍታ።
ሌዳሞም ዝም አለ። ተሳዳቢም ተስፋ አለው፤
ባይኖረውማ ኖሮ ቤቱ ነበር የሚውለው።
የመብራቱ ምሰሶ ጫፍ ላይ የቆመው አባ ኮዳ እንኳ
አንገቱን አስግጎ ወደ ሜዳው ዞረ፣
ከታቦር በኩል ነፋስ መጣ፣ ካርቶናችንን ሞከረ።

ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ፣ አንድ ወደ ጎን፣ እንደ ጥንቱ፤
ቁምጣውን ሳብ፣ ካልሲውን ሳብ፣ ያው ነው ሥርዓቱ፤
መታት።

ሄደች። ሌላ ቃል የለኝም፣ ሄደች ነው፣
ልቅሶ ቤት እንደሚፈልግ፣ ደጅ ደጁን እንደሚያይ ሰው።
የዚያኛው ቡድን በረኛ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ፣
አሞራ ገደል ከጀልባ ላይ ቆሮሶ እንደሚቀበል
በአንድ እጁ ያዛት።

ያን ጊዜ ፈነዳ!
"ለዚህ ነው ወይ ብሩ!" "ጡረታ ቤት ነው ወይ ክለቡ!"
"ያን የፈረመበትን እስክሪብቶ አሰልፉልን!"
እቴነሽ ኦቾሎኒዋን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣
"የኔ ባል ይሻላል፤ እሱ እንኳ በር ሲዘጋ ይሰማል" አለች።
ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ከዚያ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ደበቅሁ።

እዚህ ለማንም አልነገርኩም፤ እኔም በረኛ ነበርኩ፣
አዳማ፣ አቧራው ሜዳ፣
ያኔ ወጣት ሆኖ መጣ፣ ይሄው ሰውዬ፣ እንግዳ።
ከሠላሳ ሜትር መታት። አየኋት አልልም፤
የሰማሁት ጣቴን ነው፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ፣ ቀጭ!
ወጌሻው አሻት፣ ጎተታት፣ "ትድናለች" አለኝ፤
አልዳነችም። እስከ ዛሬ መንገድ እንደሚያመለክት ሰው
ታጥፋ ወደ ውጭ ታያለች።

የቀለበት ጣቴ ናት። ስንጋባ፣ አንጓዋን አላልፍ ቢል ቀለበቱ፣
ፓስተሩ ግራው ላይ ግራ ገባቸው፤ ቀኙን ሰጠሁ።
ሚዜዎቼ አፈሩ። እኔ ኮራሁ።
ማታ ለሚስቴ "የጩፋሞ ናት" አልኳት፣
እንደ ጥሎሽ አሳየኋት።

እና ዛሬ ያናደደኝ ብሩ አይደለም፤ ብሩስ የክለቡ ነው።
ነገ ሰው ቢጠይቀኝ፣ "ይቺን ጣት ምን አገኛት?" ቢለኝ፣
ይሄ ሰውዬ ልበል? ማን ያምነኛል?
ምስክሬ አደባባይ ወጥቶ
ቃሉን ለወጠብኝ።

በስልሳ አንደኛው ደቂቃ ቁጥሩ በሰሌዳ ወጣ።
በኛ በኩል ነው የሚወጣው፤
ዝግ ብሎ፣ የእጁን ፕላስተር እየላጠ መጣ።
ሌዳሞ የሳምንቱን ስድብ ሊያራግፍ ብድግ ሲል፣
እኔም ተነሣሁ። እጄ ከኪሴ ወጣች፣ ከፍ አለች፤
ሰላምታም አይደል፣ እርግማንም አይደል፣
ታጥፋ ቆማ ቀረች።
ቀና አለ።
ጣቴን ይሁን ፀሐይዋን፣ ምን እንዳየ እንጃ፣
ዓይኑን አጠበበና
አለፈ።

"ታውቀዋለህ እንዴ?" አለኝ ሌዳሞ፣ ስድቡ አፉ ላይ ቀርቶ።
"ድሮ" አልኩት፣ ካርቶኔን እያስተካከልኩ፣
"አንድ ጊዜ ተጨባብጠናል።"